ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃልን?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ባልና ሚስት ሊያነጋግሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ሁለቱም በቁምስናችን የታወቁ፣ በማኅበር የሚያገለግሉ፣ ችግረኛን ከደጃቸው ባዶ እጁን የማይሰዱ ምእመናን ናቸው። በዚያን ቀን ግን ፊታቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። «አባ፣ ለመሆኑ ልጃችንን ምን እያስተማራችኋት ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅዳሜው የትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ መምህሯ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ ሕፃናት አንድ የቤት ሥራ ሰጥታ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ በምትኖሩበት አካባቢ ትክክል ያልሆነ ነገር ተመልከቱ፤ እርሱንም ለማስተካከል እናንተ ልታደርጉት የምትችሉትን አስባችሁ ኑ የሚል ነበር። አንዱ ልጅ የሰፈሩ የውሃ መውረጃ በቆሻሻ ስለ መደፈኑ፣ ሌላው የቦኖው ቧንቧ ሌሊቱን ሁሉ ስለ ማንጠባጠቡ፣ አንዲቱም ውሃ የሚቀዳላቸው ስላጡ አንዲት ባልቴት ተናገሩ። የእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እርሷ ግን ሩቅ አልሄደችም። በቤታቸው ውስጥ በዕድሜ እኩያዋ የምትሆን፣ ከገጠር የመጣች ልጅ አለች፤ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች። የቤቱ ልጅ በራት ሰዓት፣ እንግዶች በተቀመጡበት፣ «እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እርሷ ለምን አትሄድም?» ብላ ጠየቀች።

ወላጆቹ እጅግ አዝነው ነበር። «ልጅቱ የዘመድ ልጅ ናት፤ ያመጣናትም ለእርሷው አስበን ነው። የምንበላውን ትበላለች፤ ለበዓል ልብስ እንገዛላታለን። እዚያው ብትቀር ምን ልትሆን ነበር? አሁን ደግሞ የገዛ ልጃችን በሰው ፊት አሳፈረችን። ቤተ ክርስቲያን ወላጅን ማክበር ታስተምር እንደሆነ እንጂ ይህን ታስተምራለች ብለን አላሰብንም» አሉን።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ሰዓት የመጣልን አሳብ ነገሩን ማብረድ ብቻ ነበር። መምህሯን እናነጋግራታለን አልናቸው፤ በልባችንም መምህሯ ከልክ ያለፈች መስሎን ነበር። ማታ ብቻችንን ስንሆን ግን አንድ ነገር አላስተኛን አለ። የቤት ሥራውን የሰጠነው እኛ ነን። ከሁሉም አብልጣ የሠራችው ይህች ልጅ ናት። ጥፋቷ ምንድን ነው? እኛ ባላሰብነው አቅጣጫ መመልከቷ ብቻ ነው። የሰፈሩን ቱቦ ብትመለከት ኖሮ እናመሰግናት ነበር።

ከዚህ የተነሣ በዚህ እትም ከምእመናንና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ልንመክርበት የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ሕፃን በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ኃላፊነት ያለበት ሥራ እንዲሠራ ማበረታታት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ፣ ሥራው ወደ እኛው ቤት ሲመለስ ምን እናደርጋለን?

ትከሻውን አምነን ልቡን አላመንም

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ምሳሌው ከልምድ የተነገረ ስለሆነ አንንቀውም። የልጅ እጅ ትንሽ ነው፤ ሊጡም ያንሳል፤ ልጅ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። ሕፃናትን በከባድ ጉዳይ ማስገባት ጉዳዩንም ሕፃናቱንም መጉዳት ነው የሚሉ ሰዎች በዚህ ምሳሌ ይጠቀማሉ።

ነገር ግን እስቲ የገዛ ባህላችንን ልብ ብለን እንመልከት። በገጠር ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ጥጃና በግ ይጠብቃል። በጎቹ ለቤተሰቡ ጌጥ አይደሉም፤ ለክፉ ቀን የሚሸጡ፣ ለግብርና ለልብስ የሚሆኑ የቤቱ ተቀማጭ ሀብት ናቸው። ከብቱ የጎረቤት ማሳ ቢገባ፣ ቀበሮ ግልገል ቢወስድ የሚጠየቀው ያው ሕፃን ነው። ሴት ልጅ ቁመቷ ሳይረዝም እንስራ ትሸከማለች፤ ታናሿን አዝላ ትውላለች። በከተማም ቢሆን ልጅ ገንዘብ ይዞ ሱቅ ይላካል፤ አዋቂውም መሬት ላይ እንትፍ ብሎ «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ይለዋል። ሕፃኑም ሮጦ ይመለሳል፤ መልሱንም ሳንቲም ሳያጎድል ያስረክባል።

እንግዲህ ሕፃን ኃላፊነት መሸከም አይችልም ያለ ማን ነው? እኛ አላልንም። ከጥንት ጀምሮ ስናሸክመው ኖረናል። የከለከልነው ምክርን ነው። የሚሸከም ትከሻ እንዳለው አምነን፣ የሚያስብ ልብና የሚናገር አፍ እንዳለው ግን አላመንም። የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ፣ በየትኛው መንገድ ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ጓደኛው ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሕፃን ነው። ሽማግሌዎች ስለ ደረቀው ምንጭ ለመምከር በዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጡ ግን እረኛውን የሚጠራው የለም።

በመታዘዝና በኃላፊነት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ታዛዥ ልጅ የተነገረውን ይፈጽማል። ኃላፊነት የሚሰማው ልጅ ደግሞ ላየው ነገር መልስ ይሰጣል። ሁለቱ ተቃዋሚዎች አይደሉም፤ መታዘዝ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው፤ መታዘዝን ያልተማረ ልጅ ኃላፊነትን አይማርም። ነገር ግን በመታዘዝ ብቻ ያደገ ሰው፣ አባቱ ሲያልፍ በአባቱ ፋንታ ለሚያዘው ለማንም ይታዘዛል። ክፉ እንዲያደርግ ሲታዘዝም «ምን ላድርግ፣ ታዝዤ ነው» ይላል። ባለፈው ምእት ዓመት በብዙ አገሮች ከታላላቅ ግፎች በኋላ በፍርድ አደባባይ የተሰማው መልስ ይኸው ነበር። ይህን መልስ የሚሰጥ ትውልድ እንዳናፈራ ከፈለግን፣ ልጁ ከመታዘዝ ወደ ኃላፊነት የሚሻገርበትን ድልድይ ገና በልጅነቱ ልንሠራለት ይገባናል።

ስለ ሰባት ዓመት

የጥንት ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ አሳባቸው ሁለት ወገን ነው። አርስጣጣሊስ ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ ሕፃናት በፈቃዳቸው የሚሠሩት ሥራ እንዳለ አምኖ፣ በምክር የሚደረግ ምርጫ ግን የላቸውም ይላል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ከምሳሌያችን ጋር የተስማማ ይመስለዋል። ነገር ግን ያው ፈላስፋ በዚያው መጽሐፍ፣ ሰው ቤት በመሥራት ግንበኛ እንደሚሆን እንዲሁ የጽድቅ ሥራ በመሥራት ጻድቅ እንደሚሆን ያስተምራል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናደርጋቸው መደምደሚያው ግልጽ ነው፦ ሕፃን የመምረጥ ችሎታው ያልበሰለ ስለሆነ መልካሙን ሥራ ከመሥራት አይከለከልም፤ የሚበስለው በመሥራት ነውና። ግንብ እስኪያውቅ ድረስ ድንጋይ እንዳይነካ የተከለከለ ልጅ ግንበኛ አይሆንም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ሰው ወደ አእምሮ ዕድሜ በደረሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ጉዳይ ስለ ራሱ ማሰብ፣ ማለትም ሕይወቱን ወደ ምን እንደሚያቀና መመልከት እንደሆነ ይናገራል። ይህ ከባድ ቃል ነው፤ ገና ጥርሱ የሚነቀልን ልጅ ታላቅ ከሆነ ጥያቄ ፊት ያቆመዋልና። የቤተ ክርስቲያን ሕግም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግና በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ፣ ሁለቱም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አእምሮውን የሚጠቀም ሆኖ እንደሚገመት ይደነግጋሉ። በሀገራችንም ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብተርና የመጀመሪያው የኅሊና ጥያቄ አብረው ይመጣሉ ማለት ነው።

በ1932 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንዳዊው ሊቅ ዣን ፒያጄ ስለ ሕፃናት የሥነ ምግባር ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃናትን በሁለት ትንንሽ ታሪኮች ጠይቆ ነበር። አንዱ ልጅ ለምግብ ተጠርቶ በር ሲከፍት፣ ከበሩ ኋላ መኖራቸውን ያላወቃቸውን ዐሥራ አምስት ስኒዎች ይሰብራል። ሌላው እናቱ በሌለችበት ማርማላታ ለመስረቅ ሲንጠራራ አንድ ስኒ ይሰብራል። ማን ይበልጥ አጠፋ? ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ዐሥራ አምስት የሰበረው ይሉ ነበር። አደግ ያሉት ግን የተሰበረውን መቁጠር ትተው የልጁን አሳብ መመዘን ይጀምራሉ። ፒያጄ የተገነዘበው ይህ ለውጥ በትእዛዝ ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው፤ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ፣ ሕግ ሲያወጡ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ፣ አብረው ሲሠሩ የሚበስል ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዓመታት ይህ ለውጥ የሚካሄድባቸው ዓመታት ናቸው። በእነዚህ ዓመታት ልጁ ከሌሎች ጋር ሆኖ እውነተኛ ጉዳይ ካልሠራ፣ ስኒ ሲቆጥር ይቀራል።

መብትም ግዴታም

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ የራሱን አሳብ ለመመሥረት የሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ አሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢ ክብደት እንደሚሰጠው ያውጃል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። አንዳንድ ወላጆች ይህ የፈረንጆች ነገር ነው፤ ልጅን መብት ብቻ አስተምሮ ግዴታን ያስረሳል ሲሉ እንሰማለን።

ለእነርሱ የምንሰጠው መልስ ከአፍሪካ የወጣ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሐምሌ 1990 እ.ኤ.አ. በዚሁ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት የአፍሪካ ቻርተርን ተቀብሏል። ቻርተሩ በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውሏል፤ ኢትዮጵያም በ2002 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። በ31ኛው አንቀጽ ላይ ስለ ሕፃኑ ኃላፊነት ይደነግጋል፦ ለቤተሰቡ አንድነት መሥራት፣ ወላጆቹንና ታላላቆቹን ማክበርና በችግራቸው መርዳት፣ ጉልበቱንና አእምሮውን ለማኅበረሰቡ አገልግሎት ማዋል። ይህ ሁሉ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ሆኖ ነው። የአፍሪካ አባቶች ልጅን እንደሚረዳ ብቻ ሳይሆን እንደሚረዱበትም አድርገው ተመለከቱት።

ታዲያ ያው ቻርተርና በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥታችን በ36ኛው አንቀጽ፣ ሕፃን ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቅ፣ ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላሉ። የአራተኛ ክፍሏ ተማሪ ይህን አንቀጽ አታውቀውም። ነገር ግን ሕግ አውጪዎች በብዙ ስብሰባ የደረሱበትን እርሷ በራት ገበታ ላይ በአንድ ጥያቄ ደረሰችበት።

የሰልፍ ሥራና የኅሊና ሥራ

ይህን ሁሉ ስንል ግን አደጋውን አንሸሽግም። ሕፃናትን ማሠራት ሁሉ መልካም አይደለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ሮጀር ሃርት የተባሉ ምሁር ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ጽሑፍ የሕፃናትን ተሳትፎ ስምንት ደረጃዎች ባሉት መሰላል መስለውታል። ታችኞቹ ሦስት ደረጃዎች ተሳትፎ ሊባሉ አይገባቸውም ይላሉ። በመጀመሪያው ሕፃናት የማያውቁትን የአዋቂዎች ዓላማ እንዲያራምዱ መሣሪያ ይሆናሉ። በሁለተኛው ለጌጥ ይቆማሉ፤ ካናቴራ ለብሰው፣ ዘፍነው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ለይስሙላ ብቻ ይጠየቃሉ፤ የተናገሩት የሚለውጠው ነገር የለም። ከአራተኛው ደረጃ ጀምሮ ነው ሕፃናቱ ለምን እንደሚሠሩ የሚያውቁት፣ የሚመክሩት፣ ከአዋቂዎችም ጋር የሚወስኑት።

በመሰላሉ ግርጌ እኛም ቆመን እናውቃለን። በአንድ ክረምት የቁምስናችን ሕፃናት ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ችግኝ እንዲተክሉ አደረግን። ጉድጓዱን አዋቂዎች ቆፍረው ነበር፤ ሕፃናቱ በተርታ ቆመው ችግኝ ተቀበሉ፤ እንግዶች ተጋበዙ፤ ንግግር ተደረገ፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፤ ዳቦና ለስላሳ ታደለ። ሕፃናቱ ለአካባቢያቸው ኃላፊነት ተሰማቸው ብለንም በኩራት ተናገርን። በሚቀጥለው ዓመት ከመጋቢት ድርቅ በኋላ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ መጥቶ፣ «አባ፣ ቆጠርኳቸው፤ የቀሩት ዐሥራ አንድ ናቸው። የማጠጣቱ ተራ የማን ነበር?» አለን። መልስ አልነበረንም፤ ተራ ለማንም አልሰጠንምና። ስለ ኃላፊነት ብዙ የተናገርነው እኛ ነበርን፤ ኃላፊነት የተሰማው ግን ማንም ሳይልከው የቆጠረው ልጅ ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሳደግ ግን የዓመታት ነው። ለሕፃናት የሰጠናቸው የአንዱን ቀን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ አዋቂዎች የፈሩትን ሥራ በሕፃን ማሠራት ነው። ጎረቤቱን የሚደበድብ ሰካራም፣ በመንደር የሚነገድ አደንዛዥ ነገር፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ነውር፦ ሕፃን እነዚህን ካየ ለሚያምነው አዋቂ መንገር እንዳለበት ልናስተምረው ይገባል። ሄዶ እንዲጋፈጥ፣ እንዲሰልል ወይም እንዲመሰክር መገፋፋት ግን ኃላፊነትን ማስተማር ሳይሆን ከኃላፊነት መሸሽ ነው። ማየት የልጁ ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ መጋፈጥ የአዋቂው ድርሻ ነው።

ሦስተኛው አደጋ ትዕቢት ነው። የሌላውን ጉድለት መቁጠር የለመደ ልጅ ፈራጅ ይሆናል፤ የራሱን ድርሻ ይረሳል። የእነዚያ ወላጆች ሐዘን ከዚህ አንጻር ትክክለኛ ወገን ነበረው። ልጃቸው እውነት ተናገረች፤ ነገር ግን በእንግዳ ፊት ተናገረች። ይህ የእርሷ ጥፋት አይደለም፤ እንዴት እንደሚጠየቅ፣ መቼና በማን ፊት እንደሚጠየቅ እኛ አላስተማርናትምና። ዐይኗን ከፍተን አንደበቷን ሳንገራ ላክናት።

ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት

እንግዲህ መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ምን ያድርጉ? አዲስ ዘዴ መፈልሰፍ አያሻንም። ቤልጅጋዊው ካህን ዮሴፍ ካርዲን በ1925 እ.ኤ.አ. የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞችን ማኅበር ሲመሠርቱ የተጠቀሙበት መንገድ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩት፦ ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም በ1961 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት ይህን መንገድ ለወጣቶች መክረዋል። ለሕፃናትም የሚሆነው መንገድ ይኸው ነው፤ ብቻ እንደ ቁመታቸው ይሁን።

ማየት ማለት መቁጠርና መጠየቅ ነው። ቧንቧው ያንጠባጥባል ማለት አይበቃም፤ ከሥሩ ጣሳ አስቀምጠው በአንድ ሰዓት ስንት ጣሳ እንደሚሞላ ይለኩ። ጓደኛችን ይቀራል ማለት አይበቃም፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን እንደሚቀር በፍቅር ይጠይቁት። የገበያ ቀን እንደሆነ ያገኙ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስንፍና የመሰላቸው ችግር ሆኖ ይታያቸዋል።

መመዘን ማለት ማን ተጎዳ፣ የማን ድርሻ ነው፣ የእኛስ ድርሻ የቱ ነው ብሎ መለየት ነው። ቧንቧውን መጠገን የውሃ ክፍሉ ድርሻ ነው፤ ደብዳቤ ጽፎ ማስታወስ የሕፃናቱ ሊሆን ይችላል፤ ከደብዳቤው ጋር አብሮ ቢሮ ድረስ መሄድ የመምህሩ ነው። ሦስቱን ያልለየ ሥራ ወይ ሕፃኑን ያደክማል ወይ ያስታብያል።

መሥራት ማለት ትንሽም ቢሆን እስከ መጨረሻው ማድረስ ነው። በ1843 እ.ኤ.አ. የናንሲው ጳጳስ ሻርል ደ ፎርቤን ዣንሶን የቅዱስ ሕፃንነት ማኅበርን በፈረንሳይ ሲመሠርቱ፣ ከሕፃናት የጠየቁት በየቀኑ አንዲት አጭር ጸሎትና በየወሩ አንዲት ትንሽ ሳንቲም ብቻ ነበር። ሕፃናት ለሕፃናት እንዲያስቡ በዚህ የተጀመረው ሥራ እስከ ዛሬ ይኖራል። የጸናውም ጥያቄው ትንሽና የዘወትር ስለነበረ ነው እንላለን። ለባልቴቷ በዓመት አንድ ጊዜ በሰልፍ ሄዶ ቤት ከማጽዳት፣ በየሳምንቱ ተራ አውጥቶ አንድ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ይበልጣል።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር እንጨምር። ሽልማት አናብዛ፤ በሽልማት የተሠራ መልካም ሥራ ሽልማቱ ሲቀር ይቀራል። ደግሞም ሕፃናቱ ሲሳሳቱ ሥራውን ከእጃቸው አንንጠቅ። ተራቸውን ይረሳሉ፤ ጀሪካኑን ይደፋሉ፤ ይጣላሉ። ያን ጊዜ «አልኳችሁ፣ ልጅ ያቦካው» ማለት ቀላል ነው። ሊጡ የቀጠነ እንደሆነ ግን ዱቄት እንጨምርበታለን እንጂ አንደፋውም።

ወደ ራት ገበታው ስንመለስ

ወደ ጀመርነው ታሪክ እንመለስ። በሳምንቱ ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ሄድን። መጀመሪያ ያደረግነው ይቅርታ መጠየቅ ነበር፤ ልጅቱን ሳናስተምራት ስለ ላክናት። ሁለተኛ ግን ጥያቄዋ ትክክል እንደሆነ ተናገርን። ይህን መናገር አልቀለለንም። ቡና በሚያጠጡን፣ በበዓል በሚያስታውሱን ሰዎች ቤት ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ምን እንደሆነ ካህናት ወንድሞቻችን ያውቁታል። ደግሞም ቡናውን ያቀረበችልን ያቺው ልጅ ነበረች። ስንት ጊዜ ከእጇ ስኒ ተቀብለን «እግዚአብሔር ያሳድግሽ» ብለን መርቀናታል! የት ትማሪያለሽ ብለን ግን አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ስለዚህ የወላጆቹ ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የእኛም ነበር።

ብዙ ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ እናትዮዋ፣ «እሺ፣ ትግባ። የከሰዓቱ ፈረቃ ላይ ቦታ ይገኝላት ይሆናል። ግን አባ፣ የምሳውንና የራቱን ዕቃ ማን ያጥባል?» አሉ። ጥያቄው የማምለጫ አልነበረም፤ ቤት የሚያስተዳድር ሰው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። የአራተኛ ክፍሏ ተማሪ ከጓዳ በር ላይ ሆና ትሰማ ኖሮ፣ «እኔ አጥባለሁ» አለች።

ኃላፊነት ማለት ይህ ነው ብለን እናምናለን። ራት ላይ የጠየቀችው ጥያቄ የኅሊናዋ መጀመሪያ ነበር፤ «እኔ አጥባለሁ» ያለችው ግን ፍጻሜው ነው። ጥያቄው የወላጆቿን ድርሻ አሳየ፤ መልሷ የራሷን ድርሻ ወሰደ። ሁለተኛው ባይከተል ኖሮ የመጀመሪያው ወቀሳ ሆኖ ይቀር ነበር።

ነገሩ ሁሉ ተስተካከለ ብለን አንጽፍም። ከገጠር የመጣችው ልጅ በዐሥር ዓመቷ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር መቀመጥ አሳፍሯት አለቀሰች፤ ሥራም ፈጽሞ አልቀረላት። የቤቱ ልጅም በየቀኑ አላጠበችም፤ የረሳችበት ቀን አለ፤ ያኮረፈችበትም ቀን አለ። አንድ ምሽት ሁለት ሳሕን ሰበረች። እናቷ ኋላ እንደ ነገሩን፣ ሊቆጧት ከተነሡ በኋላ ሳሕኑ ለምን በእጇ እንደ ነበረ ሲያስታውሱ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሦስቱ አብረው ያጥባሉ።

አምስት ሺህ ሰው በጠገበበት ምድረ በዳ እንጀራውና ዓሣው በአንድ ልጅ እጅ እንደ ነበረ የሚነግረን ወንጌላዊው ዮሐንስ ብቻ ነው። ያ ልጅ አምስት ሺህ ሰው እንዲመግብ አልተጠየቀም። የያዘውን ሰጠ፤ የቀረው የሌላ ሥራ ነበር። ነገር ግን ልጁ በዚያ እንዳለ ያየ፣ ስለ እርሱም የተናገረ አንድ ሐዋርያ አስፈልጎ ነበር።

ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃልን? ብቻውን አይበቃም። አባቶች የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን ልጅ ብቻውን እንዲያቦካ የተወው ማን ነው? በዚህ ሩብ ዓመት በየቁምስናችሁ ከሕፃናት ጋር ስትቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁአቸው፦ በሰፈራችሁ፣ በትምህርት ቤታችሁ፣ በቤታችሁም ምን አያችሁ? ከመጠየቃችሁ በፊት ግን መልሱን ለመስማት መዘጋጀታችሁን መርምሩ። መልሱ ወደ እናንተ ቤት ሊመጣ ይችላልና።